ሳሙና ይቅደም፤ መድኃኒቱ ይከተል



በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ግጥምም ተረትም ለማቅረብ ይቻል ነበር። እኔ ግን በዚህ ዓመት በጤና ክበባችን ውስጥ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ይልቅ ለዕለት ኑሯችን የሚቀርበውን አንዱን መርጬ አስተያየቴን ለመግለጽ አሰብሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ከተማሪው በመዋጮ የተሰበሰበው ጥቂት ገንዘብ ለመማሪያ ክፍሎች የሚረጭ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይግዛበት፣ ወይስ በመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ የውሃ በርሜልና ሳሙና ይቀመጥበት?

ከጓደኞቼ ብዙዎቹ መድኃኒቱን መረጡ። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። በጤና ጣቢያ የሚሠራበት ነገር ለትምህርት ቤትም መልካም ነው፣ ሽታው ራሱ ንጽሕናን ያስታውቃል፣ ሳሙና ግን በየቤታችን ያለ ተራ ነገር ነው አሉ። እኔ በበኩሌ ሳሙናውን መረጥሁ። በዚያን ዕለት በቂ ጊዜ ስላልነበረ ሐሳቤን ባጭሩ ብቻ ተናገርሁ፤ አሁን ግን ከኬሚስትሪ ትምህርታችን ጋር እያገናዘብሁ በሰፊው እገልጻለሁ። አንባቢም የሁለቱን ወገን ምክንያት መዝኖ ይፍረድ።

በመጀመሪያ መድኃኒት እያልን የምንጠራው ነገር ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ስሙን ሳያውቁ ለነገር መሟገት፣ ፊቱን ሳያዩ ለሰው ዋስ እንደ መሆን ነውና።

በሮቢትና በአካባቢዋ ያደገ ልጅ ሁሉ ማለዳ የከብት በረት ሲጠርግ ዐይን የሚያስለቅስና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያውቃል። ይህ ሽታ የአሞኒያ ሽታ ነው፤ የከብቱ ሽንት ሲብላላ የሚወጣ ነው። አሞኒያ ከአንድ የናይትሮጅን አቶምና ከሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች የተሠራ ነው። እንግዲህ ከሦስቱ ሃይድሮጅኖች አንዱ ወይም ሁለቱ ወይም ሦስቱም ተነሥተው በቦታቸው የካርቦን ሰንሰለት ሲተካ፣ የሚገኘው ውሁድ አሚን ይባላል። ስሙም ከአሞኒያ የወጣ ነው። የቈየ ዓሣ የሚሸተው መጥፎ ሽታም ከዚሁ ከአሚን ወገን ነው።

አሁን በአንደኛው ሃይድሮጅን ቦታ ዐሥራ ሁለት ካርቦን ያለው ረጅም ሰንሰለት፣ በቀሩት በሁለቱ ቦታዎች ደግሞ አንድ አንድ ካርቦን ያላቸው ሁለት ትንንሽ ቅጥያዎች ተተክተዋል እንበል። ይህ ዶዴሲል ዲሜቲል አሚን የሚባለው ነው። ረጅሙ ሰንሰለት አብዛኛውን ጊዜ ከኮኮናት ዘይት ወይም ከዘንባባ ፍሬ አስኳል ዘይት ይገኛል። በበረት ካለው ሽታና በድስት ካለው ዘይት የተወለደ ዘመድ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ይህ አሚን ራሱ ቆዳን የሚያቃጥልና የውሃ ውስጥ ፍጥረትን የሚጎዳ በመሆኑ እንዲሁ ለሕዝብ አይሸጥም። በፋብሪካ ውስጥ የሌሎች ነገሮች እናት ሆኖ ያገለግላል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሲሠራ፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አረፋው እንዲበዛ የሚጨመረውን አሚን ኦክሳይድን ይሰጣል። ቤንዚል ክሎራይድ ከሚባለው ጋር ሲዋሐድ ደግሞ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለውን ተሕዋስያን ገዳይ ይሰጣል። ስለዚህ አረፋ የሚያበዛውና ተሕዋስያንን የሚገድለው የአንድ እናት ልጆች ናቸው ማለት ነው።

ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ተሕዋስያንን እንደሚገድል እ.ኤ.አ. በ1935 ያስታወቀው ጌርሃርድ ዶማክ የሚባለው ጀርመናዊ ሐኪም ነው። እርሱም የሰልፋ መድኃኒቶች የመጀመሪያ የሆነውን ፕሮንቶሲልን ያገኘው ሰው ሲሆን፣ ስለዚሁ ሥራው እ.ኤ.አ. የ1939 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። የዚያን ጊዜ የአገሩ መንግሥት ሽልማቱን እንዳይቀበል ስላስገደደው፣ ሜዳሊያውን የተቀበለው ከጦርነቱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። በጤና ጣቢያችን የቍስል ማጠቢያ ሆኖ የምናውቀው ሳቭሎንም ውስጥ ሴትሪማይድ የሚባል የዚሁ ቤተሰብ አባል አለ፤ ክሎርሄክሲዲን ከሚባለው ሌላ መድኃኒት ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ዴቶል ግን በሽታውና በአገልግሎቱ ቢመስላቸውም ዋና መድኃኒቱ ከሌላ ወገን ነው። ሁሉንም በአንድ ስም መድኃኒት ብለን ስንጠራ ዘራቸውን እናደባልቃለን።

እንግዲህ ይህ የአሚን ልጅ ተሕዋስያንን የሚገድለው እንዴት ነው? ራሱ አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል የተሸከመ ነው፤ ጅራቱ ደግሞ ዘይት ወዳድ ነው። የባክቴሪያ ገላ በውጭ በኩል አሉታዊ ሙል ስላለው ሁለቱ ይሳሳባሉ። ራሱ ከተጣበቀ በኋላ ጅራቱ የባክቴሪያውን ገለፈት ዘልቆ ይገባል፤ ገለፈቱም ይበሳሳና በውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል። ውሃ የተሞላ አቁማዳ በብዙ መርፌ ሲወጋ እንደሚሆነው ነው።

ሳሙናም ራስና ጅራት አለው። ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ሲዋሐዱ የሚወጣው ሳሙና ጅራቱ እንደዚያው ዘይት ወዳድ ነው፤ ራሱ ግን አሉታዊ ሙል የተሸከመ ነው። ጅራቱ ቅባቱንና እድፉን ይይዛል፤ ራሱ ውሃውን ይይዛል፤ በዚህ ዐይነት እድፉ ከነተሕዋስያኑ ተነቅሎ ከውሃው ጋር ይሄዳል። የሳሙና ዋና ሥራው መግደል ሳይሆን ነቅሎ መውሰድ ነው። ዳሩ ግን እንደ ኮሮና ያሉትን ቅባታማ ገለፈት ያላቸውን ቫይረሶች ያንኑ ገለፈታቸውን ስለሚያፈርስባቸው ይገድላቸዋል።

አስተዋይ አንባቢ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይገምት አይቀርም። አንደኛው አዎንታዊ፣ ሁለተኛው አሉታዊ ከሆኑ፣ ሁለቱ በአንድ ሳፋ ውስጥ ሲገናኙ ምን ይሆናሉ? እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሁለቱም ከሥራ ውጭ ይሆናሉ። ሳሙና በሟሟበት ውሃ ላይ ሳቭሎን ቢጨመር ውሃው ይደፈርሳል፤ ያ ድፍርስ ሁለቱ ኀይላቸውን ያጡበት ምልክት ነው። ላርጎና ኦሞ የምንላቸውም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ዋናው አጣቢያቸው አሉታዊ ስለ ሆነ እንዲሁ ናቸው። በሰፈራችን ግን ብዙ እናቶች እንዲያው ለመጠንከር ብለው የሳሙናውን ውሃና መድኃኒቱን በአንድ ላይ ሲያደርጉ አያለሁ። ልባቸው ቅን ነው፤ የሚያገኙት ግን የሁለቱንም ዋጋ ከፍሎ የአንዱንም ጥቅም አለማግኘት ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል እንዲህ ያለውን። ትክክለኛው ሥርዓት፣ በመጀመሪያ በሳሙና ማጠብ፣ ከዚያ ሳሙናውን በንጹሕ ውሃ አለቅልቆ ጨርሶ ማስለቀቅ፣ መድኃኒት የሚያስፈልግ ከሆነም ከዚያ በኋላ መቀባት ነው።

መድኃኒቱ ሌሎችም ድካሞች አሉበት። አንደኛ፣ እድፍ ባለበት አይሠራም። አፈር፣ ደም፣ ቅባትና የእንጀራ ፍርፋሪ ኀይሉን ይጠጡበታል፤ ስለዚህ ያልተጠረገና ያልታጠበ ወለል ላይ መርጨት አቧራውን ማርጠብ ብቻ ነው። ሁለተኛ፣ ጥጥና ጨርቅ መድኃኒቱን ወደ ራሳቸው ስበው ያስቀራሉ፤ በባልዲ ውስጥ ብዙ ጨርቅ ከተነከረ የቀረው ውሃ ደካማ ነው። ሦስተኛ፣ ጊዜ ይፈልጋል፤ ረጭቶ ወዲያው መጥረግ አልተረጨም እንደ ማለት ነው። አራተኛ፣ ሁሉን አይገድልም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ይቋቋመዋል፤ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የባክቴሪያ ዘሮች፣ ስፖር የሚባሉት፣ አይሞቱለትም፤ ቅባታማ ገለፈት የሌላቸው ቫይረሶችም ብዙውን ጊዜ ያመልጡታል። አምስተኛውና የሚያስደንቀው፣ ፕሱዶሞናስ የሚባል ባክቴሪያ በቀጠነ መድኃኒት ውስጥ ተቀምጦ ሊራባ መቻሉ ነው። ስለዚህ ጠርሙሱ ሳይታጠብ በላዩ ላይ እየተጨመረበት የሚኖር መድኃኒት፣ ራሱ የበሽታ ጎተራ ሊሆን ይችላል።

ርጭቱንም በሚመለከት አንድ ልጨምር። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020፣ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ወለልና ግድግዳ ላይ መድኃኒት እየዞሩ መርጨትን እንደማይመክር፣ በሰው ላይ መርጨትን ደግሞ ፈጽሞ እንደሚከለክል አስታውቋል። የሚረጨው ጉም ወደ ሳንባ ይገባል፤ ቤንዛልኮኒየም ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ሊያስነሣበት ይችላል። መስኮቱ ጥቂት በሆነ፣ ተማሪው በብዛት በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ይህን ማድረግ መልካም መስሎ አይታየኝም።

አሁን ወደ ሳሙናው ልመለስ። ተራ ሳሙና ከመድኃኒት ሳሙና ያንሳል የሚለው እምነት በብዙ አገር የቈየ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 በሰጠው ውሳኔ፣ ትራይክሎሳንን ጨምሮ 19 ዐይነት ተሕዋስያን ገዳዮች ለሕዝብ በሚሸጥ የእጅና የገላ ሳሙና ውስጥ እንዳይገቡ አድርጓል። ምክንያቱም አምራቾቹ ሳሙናቸው ከተራ ሳሙናና ውሃ የሚበልጥ መሆኑንና ለረጅም ጊዜ ቢሠሩበት እንደማይጎዳ ማስረጃ ማቅረብ ስላልቻሉ ነው። በቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ላይ ግን ውሳኔው ለተጨማሪ ጥናት እንዲቈይ ተደርጓል። እንግዲህ በሀብታም አገር ያሉ፣ ውሃ በየቤታቸው በቧንቧ የሚወርድላቸው ሰዎች ተራ ሳሙና ከበቃቸው፣ ለእኛ የማይበቃበት ምክንያት ምንድን ነው?

ማስረጃውን ከሩቅ ብቻ አናምጣ። በዓለም ላይ ትራኮማ ከጸናባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ከኢትዮጵያም ውስጥ የአማራ ክልል ዋናው ነው። ይህን የዐይን በሽታ ለመከላከል ከሚሰጡት አራት ምክሮች አንዱ ፊትን መታጠብ ነው። ቀዶ ሕክምናውና መድኃኒቱ ከባለሙያ ይመጣሉ፤ ፊት መታጠቡ ግን ከእኛው እጅ ነው። በቆላችን ሙቀቱ በበረታ ጊዜ ዝንቡ በሕፃናት ዐይን ላይ ሲሰፍር እናያለን። ዝንቡን የሚጠራው በዐይንና በአፍንጫ ላይ የሚታየው እድፍ ነው። ይህን ለማጥራት የጠርሙስ መድኃኒት አያስፈልግም፤ አንድ ጣሳ ውሃ ይበቃል። እርግጥ በእኛ አገር አንድ ጣሳ ውሃም ቢሆን ድካም አለበት፤ ጀሪካኑን አዝለው የሚመጡት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ገንዘቡ ወደ ውሃ በርሜሉ ይሂድ የምለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለ ማጠቢያ ሲነሣ የራሳችን የሆነውን እንዶድን ማንሣት ተገቢ ነው። እናቶቻችን ሳሙና በሱቅ ሳይገባ ነጠላና ጋቢ ያነጡበት የነበረው እንዶድ፣ ሳፖኒን የሚባል አረፋ ሰጪ አለው። እርሱም እንደ ሳሙና ራስና ጅራት ያለው ሲሆን፣ ውሃ ወዳዱ ራሱ ከስኳር የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲመረምሩ፣ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ አማካይነት ስለ ሆነ፣ ይህ ያዩት ነገር ታላቅ ምርምር አስከተለ። ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን የዓለም ሽልማት ተቀበሉ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በስማቸው ተሰይሟል። ቢልሃርዝያው ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ከእኛ በስተ ሰሜን ባሉት በዋጃና በጥሙጋ በተማሪዎች ላይ ተመርምሮ ተገኝቷል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ትምህርት እወስዳለሁ። የመጀመሪያው፣ ሌላው ሰው በየቀኑ አልፎ የሚሄደውን ነገር አስተውሎ ማየት የዕውቀት መጀመሪያ መሆኑ ነው። ልብስ ሲታጠብማ ያላየ ማን ነበር? ሁለተኛው ደግሞ፣ አረፋ የሚሰጥ ነገር ሁሉ በልብሱ ላይ ብቻ እንደማይቀር ነው። እንዶድ ቀንድ አውጣውን ብቻ ሳይሆን ዓሣውንም ይገድላል። የአሚኑም ልጆች እንዲሁ ናቸው፤ ከባልዲው ወደ ቦዩ፣ ከቦዩ ወደ ወንዙ ሲወርዱ የውሃውን ፍጥረት ይጎዳሉ። ገላጣ በሆነው ሜዳችን ላይ ጎሊናና ሆርማት ለማሽላውም ለሽንኵርቱም ለከብቱም ውሃ ናቸው። ያለ ልክ የምናፈስሰው ሁሉ ወደ ራሳችን ተመላሽ ነው።

ከዚህ ላይ ተቃራኒው ወገን፣ እንግዲያው መድኃኒቱን ጨርሰህ ልትንቀው ነው ይለኝ ይሆናል። አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን በመጣ ጊዜ በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋሞች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋልም። በእንዲህ ያለ ጊዜ የቍስል ማጠቢያ ማጣት ምን ማለት እንደ ሆነ ለወላጆቻችን እኔ ልነግራቸው አልችልም። ቍስል ለማጠብ፣ ባለሙያው ከቀዶ ሕክምና በፊት ቆዳን ለማጽዳት፣ ዕቃ ለማከም፣ መድኃኒቱ ተወዳዳሪ የሌለው ጊዜ አለ። እኔ የምለው ሁሉም በየቦታው ይዋል ነው። የሐኪሙ ዕቃ ከሐኪሙ ዘንድ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ዕቃ ከመጸዳጃ ቤቱ በር ይገኝ። ደግሞም የሚቀድመውን እናስቀድም፤ ያልታጠበ እጅ ይዞ መድኃኒት መፈለግ፣ መሠረት ሳይቈፍሩ ጣራ እንደ መግዛት ነው።

አንድ ሌላ ከባድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም የጠርሙሱ ነገር ነው። አሚን የሚለው ቃል በእኛ ቀበሌዎች በብዛት የሚገኘው በጤና ጣቢያ ሳይሆን በእርሻ ላይ ነው። በጤፍና በማሽላ ውስጥ ቅጠለ ሰፊ አረም ለማጥፋት የሚረጨው ቱፎርዲ፣ በውሃ እንዲሟሟ ሲባል ብዙውን ጊዜ ከዲሜቲል አሚን ጋር ጨው ሆኖ ይቀርባል። በጣሳው ላይ አሚን የሚል ጽሑፍ የምናየው ስለዚህ ነው። ይህ ዲሜቲል አሚን ከላይ ለገለጽሁት ለዕቃ ማጠቢያውና ለተሕዋስያን ገዳዩም በፋብሪካ ውስጥ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለግላል። ዘሩ አንድ ቢሆንም ግብሩ የተለያየ ነው፤ ቱፎርዲው ዐይን ውስጥ ቢገባ ብርቱ ጉዳት ያደርሳል። ታዲያ አረሙ ከተረጨ በኋላ ባዶ ጣሳው ወዴት ይሄዳል? ጠንካራና ጥሩ ክዳን ያለው ስለ ሆነ አሳዝኖ አይጣልም። ታጠበ ተብሎ ውሃ ይቀዳበታል፣ ዘይት ይገዛበታል፣ ጠላ ይሞላበታል። ፕላስቲኩ ግን ከጠጣው መድኃኒት ጥቂቱን በገላው ውስጥ ያስቀራል፤ በውሃ ማለቅለቅ ጨርሶ አያስለቅቀውም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። በረኪናና የወለል መድኃኒት ከትልቅ ጀሪካን እየተቀዳ በሃይላንድ የውሃ ጠርሙስ ይሸጣል። ጠርሙሱ ውሃ ይላል፤ በውስጡ ያለው ግን በረኪና ነው። በቆላ ፀሓይ ከትምህርት ቤት ተጠምቶ የሚመጣ ሕፃን ጠርሙሱን እንጂ ጽሑፉን አይመረምርም፤ ማንበብ ቢችልም ጽሑፉ ራሱ ሐሰት ነው። አገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቍጥጥር አዋጅ ቍጥር 674/2002 አውጥታለች፤ ነገር ግን አዋጅ በየጓዳው ገብቶ ጠርሙስ አይፈትሽም። ፈታሹ የቤቱ ሰው ነው።

በረኪናን ካነሣሁ አይቀር አንድ ማስጠንቀቂያ ልናገር። በረኪና ከአሞኒያና ከአሚን ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል የሚያንቅ ጋዝ ያወጣል። ሽንት በተጠራቀመበት መጸዳጃ ቤት ላይ በረኪና ሲፈስስ ደረትን የሚይዘውና የሚያስለው ይኸው ነው። ከሎሚ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት አስቀድሞ በብዙ ውሃ ይታጠብ፤ በረኪናውም ለብቻው ይሁን። የሚጠጣ ውሃ ለማከም የተዘጋጀው እንደ ውሃ አጋር ያለው የክሎሪን መድኃኒት፣ በላዩ በተጻፈው ልክ ብቻ የሚሠራበት ሌላ ነገር ነው፤ ሳቭሎንና የወለል መድኃኒት ግን በምንም መንገድ በሚጠጣ ውሃ አይገቡም።

እንግዲህ ያልሁትን ሁሉ ወደ ሥራ ለመለወጥ የሚከተለውን አሳስባለሁ።

ለትምህርት ጓደኞቼ፦ መዋጮው በመጀመሪያ ቧንቧ ያለው የውሃ በርሜልና የልብስ ሳሙና ይግዛ። ሳሙናው እንዳይጠፋ በገመድ ይንጠልጠል። ውሃውን የመሙላት ተራ ለሴት ልጆች ብቻ አይሰጥ፤ በክፍል ተራ፣ ወንዱም ሴቱም እኩል ይሙላ። ከመጸዳጃ ቤት በኋላና ከምግብ በፊት ሳይታጠብ የሚያልፍ ጓደኛ ካየን በቀልድም ቢሆን እንመልሰው።

ለመምህራኖቻችን፦ ቢፈቀድልን በኬሚስትሪ ክፍለ ጊዜ በሁለት ብርጭቆ፣ አንዱን በሳሙና ውሃ አንዱን በሳቭሎን ሞልተን ብናቀላቅላቸው፣ ስለ አዎንታዊና ስለ አሉታዊ ሙል ከመጽሐፍ የተማርነውን በዐይናችን ድፍርስ ሆኖ እናየዋለን። ያየነውም ወደ ቤታችን ይገባል። ለቤተ ሙከራና ለጽዳት የሚሆኑት ጠርሙሶችም ሁሉ ስማቸው በአማርኛ ተጽፎ እንዲለጠፍባቸው፣ ጽሕፈቱን የጤና ክበባችን ሊሠራ ዝግጁ ነው።

ለወላጆቻችን፦ ይህን የምላችሁ በድፍረት ሳይሆን በልመና ነው። የቱፎርዲ ጣሳ ውሃና ዘይት አይያዝበት፤ ሦስት ጊዜ ታጥቦ፣ እጣቢው ወደ መርጫው ተጨምሮ፣ ጣሳው ይበሳ። በረኪናና የወለል መድኃኒት ከሕፃን እጅ ርቆ፣ በውሃ ጠርሙስ ሳይሆን በራሱ ዕቃ ይቀመጥ። ሌላ ዕቃ ከታጣ ግን በላዩ በትልቁ ስሙ ይጻፍበት። ማንበብ የማይችል ቢኖር ልጆቻችሁ እናነብላችኋለን፤ ያስተማራችሁን ለዚህ ነውና።

እኔ ይህን የጻፍሁት ሽታ የሌለው፣ አረፋውም ተራ የሆነው ሳሙና ተሟጋች ስለሚያጣ ነው። መድኃኒቱ በጠርሙሱ ላይ ጌጠኛ ሥዕል አለው፤ ስለ ራሱ ይናገራል። ሳሙናው ግን በበርሜሉ ሥር በገመድ ተንጠልጥሎ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የሚቀጥለው ዓመት መጽሔት ሲወጣ ያ ገመድ ባዶውን እንዳይገኝ፣ ሳሙናውም በየሳምንቱ እያለቀ በየሳምንቱ እንዲተካ ምኞቴ ነው። ሳሙና ቶሎ ማለቁ ለትምህርት ቤት ኪሣራ አይደለም፤ እጆች መታጠባቸውን የሚያስረዳ የሒሳብ መዝገብ ነው።